የአረጋሽ ባል

ይድረስ ለውድ ባለቤቴ ለአረጋሽ፤

እንደምን ሰነበትሽ ብዬ መጠየቁ ከበደኝ፤ ያለሽበትን የሚያውቀው መድኃኔ ዓለም ብቻ ነው። እኛ ደኅና ነን። ከተለየሽን አንድ ዓመት ሊሞላ ዘጠኝ ቀን ቀረው። ሰኔ ገብቶ ዝናሙ ጀምሯል። መቃብርሽ ላይ ያለው አፈር ባለፈው ክረምት ሰጥሞ ስለነበር በግንቦት ደልድዬ ዙሪያውን ድንጋይ ደርድሬበታለሁ። ዘንድሮ ውሃ አይተኛበትም።

ፊደል እንደማትለዪ ጠፍቶኝ አይደለም የምጽፍልሽ። እኔ የአፍ ሰው አይደለሁም፤ ይህን ካንቺ የበለጠ የሚያውቅ የለም። አፍ ለአፍ ልነግርሽ ሲገባኝ ዛሬ ነገ እያልኩ ያቆየሁት ነገር አለ። ከወረቀት ጋር ግን እግባባለሁ። ለሙት ዓመትሽ ቀራንዮ ቤተ ክርስቲያን፣ መቃብርሽ ዘንድ ስንመጣ ታደለች አጠገብሽ ቆማ ታነብልሻለች። ልጃችን ናትና እሷም አብራሽ ትስማው።

አስቀድሜ ትልቁን ወሬ ልንገርሽ። ጣሊያን ወጣ። የጭነት ካሚዮኑ ሁለት ቀን ሙሉ በጅማ መንገድ ሲጎርፍ ዋለ፤ በሦስተኛው ቀን መንገዱ ጭር አለ። ሰው ወዲያው አላመነም። በሩን ገርበብ አድርጎ ያያል፣ መልሶ ይዘጋል። ቀድመው የወጡት ጎረቤታችን እማማ ጫልቱ ናቸው። መንገዱ መካከል ቆመው፣ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው፣ ወደ ላይም ወደ ታችም አዩና «እንግዲህ የሉም» አሉ። ለእኛ ሰፈር ነጻነት የታወጀው እንደዚያ ነው። ከዚያ በኋላ ነው እልልታው የመጣው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራዬ ባንዲራ መስፋት ብቻ ሆነ። ቢጫውና ቀዩ ጨርቅ አላስቸገረኝም፤ አረንጓዴው ግን ከገበያ ጠፋ። ያቺን ሣጥኔን ታስታውሻለሽ? የካባ ጨርቅና የወርቅ ክር ያለባትን፣ ታደለች እንኳ እንዳትነካት የምቆጣባትን? ከፈትኳትና ለመኳንንት ካባ ገበር ብዬ ያስቀመጥኩትን አረንጓዴ ሐር ሁሉ ቆራርጬ ለባንዲራ አዋልኩት። እማማ ጫልቱም አንድ ወስደው ጎጇቸው ላይ ሰቅለዋል። ዝናም ሲመጣ ያወርዱታል፣ ሲያባራ ይሰቅሉታል።

ታደለች አሥራ ስምንት ዓመት ሞላት። ሱቁን የያዘችው እሷ ናት፤ እኔ ከመስፊያ መኪናዬ አልነሣም። አንዳንድ ጊዜ ጎንበስ ብዬ ስሰፋ ከመስኮቱ በኩል «ምን ልስጥዎት እናቴ?» ስትል እሰማና ቀና እላለሁ። ድምፅሽን ወርሳለች። ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ተልኮባታል፤ ልጁ የአናጢ ልጅ ነው፣ ጨዋ ነው ይላሉ። «እኔን ሳይሆን እሷን ጠይቁ» አልኳቸው። ሽማግሌዎቹ ያበድኩ መስሏቸው እርስ በርሳቸው ተያዩ። እሷ ደግሞ «የእናቴ ሙት ዓመት ሳይወጣ አልናገርም» ብላ መለሰቻቸው።

አሁን ወደ ሐሳቤ ልመለስ። ትንሽ ከሩቅ እጀምራለሁ።

መጀመሪያ ያየሁሽ አራዳ፣ አባትሽ ጨርቅ ቤት ውስጥ ነበር። ገበር ልገዛ መጥቼ በክንዴ ስለካ አንቺ ከወዲያ ሆነሽ ታዪኛለሽ። ለክቼ ስጨርስ «ጌታዬ፣ ክንድዎ አጭር ነው፤ ለካባው አይበቃዎትም» አልሽና ጨርቁን ተቀብለሽ በራስሽ ክንድ ለካሽው። ያንቺ ክንድ ይረዝማል። አባትሽ ተቆጡሽ፤ እኔ ግን ያን ሳምንት ገበር ሳያስፈልገኝ ሁለት ጊዜ ተመለስኩ።

ዘመዶቼ ጋብቻችንን አልወደዱትም። የቡልጋ ሰው፣ ለትልልቅ መኳንንት ካባ የሚጠልፍ ባለሙያ፣ ከጉራጌ አገር የመጣ ነጋዴ ልጅ እንዴት ያገባል አሉ። እኔ እንቢ ብዬ አገባሁሽ። እውነቱን ልንገርሽ፣ በዚያን ጊዜ ውለታ የዋልኩልሽ መስሎኝ ነበር። አውጥቼ ባልናገረውም ብዙ ዓመት በልቤ ይዤው ኖሬአለሁ። አንቺም «አንቱ» እያልሽ፣ ሳልቀመጥ ሳትቀመጪ፣ ሳልበላ ሳትበዪ ኖርሽ። እኔም የሚገባኝ ነው ብዬ ተቀበልኩት።

ንጉሡ ከከተማ ወጥተው ዘራፊ በተነሣ ጊዜ አራዳ የነበረው ቤታችን ተቃጠለ። በእጃችን የቀረው የመስፊያ መኪናዬና ያቺ ሣጥን ብቻ ነበሩ። አጎትሽ ኮልፌ ያለችውን የጭቃ ቤታቸውን ለቀቁልን። ከአራዳ ኮልፌ ድረስ ስንሄድ የመኪናውን ብረት በጋቢ ጠቅልለሽ እንደ ልጅ አዘልሽው። ሕፃን የተሸከምሽ መስሏቸው መንገድ የለቀቁልሽ ሰዎች ነበሩ። እኔ የያዝኩት የወርቅ ክሩን ሣጥን ነበር። ቀላሉን ማለቴ ነው። ያን ቀን አልታየኝም፤ አሁን ይታየኛል።

ኮልፌ እንደገባን ጣሊያን ከተማውን ያዘ። ካባ የሚያዝ ሰው ጠፋ። መኳንንቱ ግማሹ ዱር ገባ፣ ግማሹ ተሰደደ፣ የቀረውም አንገቱን ደፋ። እኔ ደግሞ ፊቴን ወደ ግድግዳ መልሼ ተቀመጥኩ። ጠዋት እነሣለሁ፣ ሣጥኔን ከፍቼ አያለሁ፣ እዘጋለሁ። ሰሞነኛ ሐዘን ነው ብለሽ ታገሥሽኝ። ሳምንቱ ወር ሲሆን፣ አንድ ቀን ጠዋት በመንገዱ በኩል ያለውን ግድግዳ ስትፈነቅዪ ሰማሁ።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አልኩሽ።

«መስኮት እያወጣሁ ነው። ትንሽ ጨው፣ ትንሽ በርበሬ፣ ሻማና ላምባ አቀርብበታለሁ። የእርስዎ ሥራ እስኪመለስ ነው።»

«የእኔ ሚስት መንገድ ዳር ጨው ልትመዝን?»

ጭቃውን ማንሣትሽን ቀጠልሽ። ልከለክልሽ አፌን ከፍቼ ነበር፤ ግን ታደለች እዚያው ቆማ ነበርና፣ ልጅቷ ከትናንት ወዲህ ምን እንደበላች አሰብኩና ተውኩት። አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁሽ፤ ከመስኮቱና ከእኔ መካከል መጋረጃ እንዲሰቀል። ከመንገድ የሚያልፍ ሰው እኔን እንዳያይ። ሰቀልሽልኝ።

እንዲህ ሆኖ ሱቁ ተከፈተ። እኔ ከመጋረጃው ወዲህ፣ አንቺ ከወዲያ። ስትሠሪ በጉራጊኛ ታንጎራጉሪ ነበር። ገበያተኛው ከሰበታና ከመናገሻ በኩል እንጨትና ቅቤ ይዞ ሲያልፍ ያንቺን ጨው ሳይገዛ አይመለስም። በርበሬውን ስታመጪ ምላስሽ ላይ ጣል አድርገሽ ሳትቀምሺ አትሸጪም፤ ሌላ ነገር የተቀየጠበት ከሆነ ለአምጪው እዚያው ፊቱ ላይ ትመልሺለት ነበር። ጥቂት ቆይተሽ አንድ ጣቃ አቡጀዲ ጨርቅም ገዛሽ። ያን ጣቃ ያስገባሽ ቀን ፊትሽ እንዴት እንደበራ አልረሳውም። እኔ ግን እንኳን ደስ ያለሽ አላልኩሽም።

አሁን ወደምፈራው ደረስኩ።

ታኅሣሥ ላይ ነው። እኩለ ቀን ገደማ የበቅሎ ኮቴ ሰማሁ። የአክስቴ ልጅ ባላምባራስ ነበሩ፤ ካባ ሠርቼላቸዋለሁ፣ ሠርጋችንም ላይ አኩርፈው ቆመው ነበር። ድምፃቸውን እንደሰማሁ ትንፋሼን ያዝኩ።

«ሻማ አለ?» አሉና ቀጥለው፣ «አንቺ የተክሌ ሚስት አይደለሽም?»

«ነኝ፣ ጌታዬ።»

«ታዲያ ተክሌ የታለ? እሱ እያለ ነው እዚህ ሜዳ ላይ የተሰጣሽው?»

በመካከላችን ያለው ጨርቅ ብቻ ነበር። እጄን ብዘረጋ ትከሻሽን እነካው ነበር። አንቺ ወዲያው አልመለስሽም። ያን ዝምታ ስንት ጊዜ እንዳሰብኩት አልነግርሽም። መጋረጃውን ገልጬ እንድወጣ ጊዜ የሰጠሽኝ ይመስለኛል። እኔ አልወጣሁም። ጉልበቴን አቅፌ መሬት መሬት አየሁ።

«እሱማ ቡልጋ ወርዷል» አልሽ በመጨረሻ። «እዚህ ቢሆን መቼ ይፈቅድልኝ ነበር።»

ባላምባራስ ሻማቸውን ይዘው ሄዱ። አንቺ መስኮቱን ዘግተሽ ገባሽና ምሳዬን አቀረብሽ። «ይብሉ» አልሽኝ። በላሁ። ስለዚያ ነገር አንድም ቃል አልተናገርሽም፤ በዚያ ቀንም ሆነ ከዚያ በኋላ፣ እስክትሞቺ ድረስ። ዋሽተሽ ክብሬን ጠበቅሽልኝ፤ እኔ ደግሞ ስትዋሺልኝ ተቀምጬ ሰማሁ።

ሁለት ወር ቆይቶ የካቲት መጣ። ከከተማው በላይ ጭስ ሲነሣ ከደጃችን ሆነን አየን። ጥቁር ሸሚዝ የለበሱት ጣሊያኖች ቤት እያቃጠሉ፣ ያገኙትን እየገደሉ ነው የሚል ወሬ ከሚሸሹት ሰዎች ሰማን። ታደለችን ያንኑ ሰዓት አጎትሽ ዘንድ ሰደድሻት። ከዚያ የላምባውን ጣሳ አንሥተሽ ወደ ጓሮ ወጣሽና እስከ መጨረሻው ጠብታ ቦዩ ውስጥ ደፋሽው። ያ ሁሉ የደከምሽበት ላምባ! «ምን ሆነሻል?» ብዬ ጮህኩብሽ። «ቤታችንን በገዛ ላምባችን እንዲያነዱት ነው?» አልሽ። ለእኔ ያልታየኝ ለአንቺ ታይቶሽ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት መጡ። ውሻው ሲጮህ ቀድመሽ ያየሻቸው አንቺ ነሽ። ሮጠሽ ገባሽና፣

«ተነሣ!» አልሽ።

ለማን እንደምትናገሪ አልገባኝም። ከኋላዬ ሰው ያለ መስሎኝ ዞር አልኩ።

«አንተን ነው! ተነሣ፣ የእማማ ጫልቱ ጉድጓድ ውስጥ ግባ!»

በአሥራ ስድስት ዓመት ትዳራችን «አንተ» ብለሽኝ አታውቂም ነበር። እንዲያ በሞትና በሕይወት መካከል ሆኜ፣ አረጋሽ፣ መጀመሪያ የተሰማኝ መደፈር ነበር። አሁን ስጽፈው ራሴን እታዘበዋለሁ። ግን ተነሣሁ። በአጥሩ ሾልኬ የእማማ ጫልቱ ባዶ የእህል ጉድጓድ ውስጥ ገባሁ። እማማ ጫልቱ በላዬ ቅርጫት ደፍተው ዶሮዎቻቸውን አስቀመጡበት።

ጉድጓዱ ከቤታችን ጀርባ ስለሆነ ሁሉን እሰማ ነበር። የጣሊያኑን ጩኸት፣ ከዚያ የአስተርጓሚውን ድምፅ።

«ባልሽ የታለ?»

«ባል የለኝም። ሞቷል።»

«ይኼ የማን መኪና ነው?»

«የሟቹ ነው። ሊሸጥ ነው።»

ከዚያ የጥፊውን ድምፅ ሰማሁ። ሚዛኑ ሲወድቅ፣ የሱቁ ሣጥን ሲገለበጥ፣ በርበሬው ሲበተን ይሰማኛል፤ በርበሬው አስነጥሷቸው ሲሳደቡም ሰማሁ። አንቺ ግን አልጮኽሽም። ሳሙናሽንና ሻማሽን ተሸክመው ሄዱ። የሚያነዱበት ስላላገኙ ይሁን ወይም እግዚአብሔር ጋርዶን፣ ቤቷን ሳይለኩሱ ቀሩ። የግራ ጆሮሽ ከዚያን ቀን ጀምሮ በቅጡ መስማት አቆመ። ሰው ሲያናግርሽ የቀኝ ጉንጭሽን ወደ እሱ የምታዞሪው ከዚያ ወዲህ ነው፤ የማያውቁሽ ኩራት ይመስላቸው ነበር።

ሦስት ቀን ጉድጓድ ውስጥ ቆየሁ። ለዶሮ ውሃ የምትሰጪ መስለሽ በቅል ውሃና ቆሎ ታወርጂልኛለሽ። በአራተኛው ቀን «ውጣ» አልሽኝ። ስወጣ እማማ ጫልቱ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። አያለቅሱም። ልጃቸው ቶላ እንጨት ሸጦ ከከተማ ሲመለስ መንገድ ላይ ገድለውት ነበር። እኔን በጉድጓዳቸው ሲያቆዩ የገዛ ልጃቸውን ሬሳ መንገደኞች በአህያ ጭነው አምጥተውላቸዋል። «ያ ዋቀዮ» እያሉ አምላካቸውን ብቻ ይጠራሉ፤ ሌላ ቃል የላቸውም።

ከሰፈራችን የሞተው ቶላ ብቻ አልነበረም። መገነዣ የሚሸጥ ሰው ጠፍቷል፤ ከተማው ተዘግቷል። አንቺ ወደ ቤት ገብተሽ አልጋው ሥር የደበቅሽውን የአቡጀዲ ጣቃ አወጣሽ። ለፋሲካ ልትሸጪው ያሰብሽውን፣ ከሱቁ ንብረት የተረፈውን ብቸኛ ነገር። መሬት ላይ ዘረጋሽውና በጥርስሽ ነክሰሽ ቀደድሽው። ያ የመቀደድ ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ከዚያ እኔን ቀና ብለሽ አየሽኝ።

«እኔ እቀዳለሁ፤ አንተ ስፋ።»

ዘጠኝ ወር መርፌ አልነካሁም ነበር። የመጀመሪያውን ለቶላ ሰፋሁ። ወርቅ ስጠልፍ እንኳ እንዲያ ተጠንቅቄ አላውቅም፤ ስፌቱን ማንም እንደማያየው እያወቅሁ አንድ በአንድ አስተካከልኩት። አንቺ ትቀጃለሽ፣ እኔ እሰፋለሁ፣ ሰው መጥቶ ይወስዳል። «ዋጋው?» የሚል ሲመጣ በእጅሽ «ሂድ» ትዪዋለሽ። ጣቃው እስኪያልቅ እንዲሁ ዋልን።

ከቀብሩ ስንመለስ የመስፊያ መኪናውን ጎትቼ መስኮቱ አጠገብ አቆምኩት። መጋረጃውን ያወረድነው በዚያው ቀን ይሁን በማግሥቱ፣ አንቺ ይሁን እኔ፣ ትዝ አይለኝም። ብቻ ከዚያ ወዲህ አልተሰቀለም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት፣ የጠላት ዘመን መባላቸውን ባውቅም፣ እኔ ደግ ዓመታት ነበሩ እላለሁ። አፍሬ ነው የምጽፈው፤ አገር ሲጨነቅ እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። አንቺ ጨው ትመዝኛለሽ፣ እኔ የተቀደደ ሱሪ እጥፋለሁ፣ እጀ ጠባብ እሰፋለሁ፣ ቁልፍ እተክላለሁ። ሰው ፊት «አንቱ» ትዪኛለሽ፤ ሰው ሲሄድ «አንተ ደግሞ ክርህን የትም አትጣል» ትዪኛለሽ። ያቺ «አንተ» እንዴት እንደጣፈጠችኝ! አንዳንድ ጊዜ ሆን ብዬ ክሩን እጥለው ነበር።

የሰፈሩ ሰው ስሜን አያውቅም ነበር። «የአረጋሽ ባል ጋ ውሰደው፣ ይሰፋልሃል» ይባባላሉ። መጀመሪያ ሰሞን ያንገበግበኝ ነበር። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ስሜን ሲጠይቁኝ ሳላስበው «የአረጋሽ ባል ነኝ» ብዬ ስመልስ ሰምተሽ፣ ሚዛኑን ይዘሽ እንባሽ እስኪፈስ ሳቅሽ።

ያቺ የጣሊያን ቃልሽስ! ወታደር መጥቶ መስጠት የማትፈልጊውን ነገር ሲጠይቅሽ፣ «ዶማኒ፣ ዶማኒ» ትዪዋለሽ፤ ነገ፣ ነገ። ዶሮ ሲጠይቅ ዶማኒ፣ እንቁላል ሲጠይቅ ዶማኒ። አንዱ ተናዶ በአማርኛ «ነገ የለም?» ሲልሽ፣ የቀኝ ጉንጭሽን አዙረሽ «ነገማ ሁልጊዜ አለ፣ ጌታዬ» አልሽው። ታደለች እስካሁን ሥራ ሳዛት «ዶማኒ» ትለኛለች።

አንድ ነገር ግን በድዬሻለሁ። ታደለችን ሳስተምር አጠገባችን ተቀምጠሽ ፊደሉን በዓይንሽ ስትከተዪ አይ ነበር። አንድ ቀን «ለእኔም ታሳየኛለህ?» አልሽኝ። «በዚህ ዕድሜሽ ምን ያደርግልሻል?» አልኩሽ። ቀልዴን ነበር። ዳግመኛ አልጠየቅሽኝም። ማታ ማታ ጸሎቴን ሳደርስ ይህ ይመጣብኛል።

አምና በግንቦት እማማ ጫልቱን ተስቦ ያዛቸው። ሰው ሁሉ ደጃቸውን ሸሸ። አንቺ አጥሚት እየሠራሽ ትሄጂ ጀመር። «ይዞሽ ይመጣል፣ ተዪ» አልኩሽ። «ቅርጫቱን የደፉልህ እሳቸው ናቸው» አልሽኝ። እሳቸው ድነው በእግራቸው ሲቆሙ አንቺ ተኛሽ።

በትኩሳቱ ቀናት አላወቅሽኝም። እንደ እንግዳ «ይቀመጡ፣ ምን ልስጥዎት?» ትዪኝ ነበር። ለአሥራ ስድስት ዓመት የጠራሽኝ በዚያው «አንቱ» ሆኖ ሳለ፣ ያን ጊዜ እንደ ጦር ወጋኝ። እማማ ጫልቱ ከራስጌሽ አይለዩም ነበር። «እኔ ነበርኩ የምሄደው፤ በእኔ ፈንታ ልትሄድ ነው» ይላሉ። በመጨረሻዋ ጠዋት ግን ዓይንሽ ጠራ። ታደለች ያመጣችውን አጥሚት አየሽ፣ ከዚያ እኔን አየሽ። «ብላ እንጂ» አልሽኝ። «ከስተሃል።» ያ ነው የመጨረሻ ቃልሽ። ምሳ ሳይደርስ አረፍሽ።

ቀራንዮ ስንወስድሽ መንገዱ ሞልቶ ነበር። ከሰበታ ድረስ የመጡ ገበያተኞች ነበሩ። እኔ የማላውቃቸው ሴቶች ደረታቸውን ሲመቱ አየሁ። ለእያንዳንዳቸው ምን እንዳደረግሽላቸው ጠይቄ አልጨርሰውም።

አሁን ባለፈው ወር የሆነውን ልንገርሽና ላብቃ። ባላምባራስ መጡ። አምስቱን ዓመት ከተማ ውስጥ ድምፃቸውን አጥፍተው ከርመው፣ አሁን ሹመት ይጠብቃሉ፤ ካባ ፈልገዋል። ከበቅሎ ሳይወርዱ በመስኮቱ አዩኝ።

«ተክሌ! ከቡልጋ መቼ ተመለስክ? አራዳ ቤት እሰጥሃለሁ፤ ከዚህ ጭቃ ውጣና ወደ ሙያህ ተመለስ። ያኔ ሚስትህ እዚህ ሻማ ስትሸጥ አግኝቻት አዝኜልህ ነበር። አንተ ብትኖር እንደማትፈቅድ ነገረችኝ።»

ታደለች ጨው እየመዘነች ነበር። እማማ ጫልቱም ደጃፉ ላይ ነበሩ፤ ሁለት ሦስት ገዢዎችም ቆመዋል። ከወንበሬ ተነሣሁ።

«ቡልጋ አልወረድኩም» አልኩ። «እዚሁ ነበርኩ። እርስዎ ሲጠይቋት ከመጋረጃ ጀርባ ተደብቄ እሰማ ነበር። የሚያበላኝ ሱቋ ነበር፤ እኔ ግን በእሱ አፈርኩ። እሷ ለእኔ ብላ ዋሸች።»

ባላምባራስ ፊታቸው ተለዋወጠ። «ይኼን አሁን ማን ጠየቀህ?» አሉ።

«ማንም አልጠየቀኝም። ካባውን እሠራልዎታለሁ። የምሠራው ግን እዚህ ነው፤ ሊለኩ ሲፈልጉ ወደዚህ ይምጡ።»

በቅሏቸውን አዙረው ሄዱ። ይመለሱ አይመለሱ አላውቅም። ዞር ስል ታደለች ሚዛኑን አስቀምጣ ታየኛለች። የፈራሁት እሷን ነበር። «አባዬ፣ እማዬ ታውቅ ነበር እኮ፣ አንተ በሱቁ እንደምታፍር» አለችኝ። «አንድ ቀን ጠይቄያት ነበር። ‹እሱ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣ› ነው ያለችኝ።»

አረጋሽዬ፣ እንግዲህ ይቅርታዬ ይኸው ነው። ቀስ ብዬ መጣሁ። ብዙ ዘገየሁ።

ለሙት ዓመትሽ የሚሆነው ጠላ ተጠንስሷል፤ እማማ ጫልቱ ማንም አይንካብኝ ብለው ይዘውታል። ዘመዶችሽም ከጉራጌ አገር እንደሚመጡ ልከዋል። በየወሩ በመድኃኔ ዓለም ቀን፣ እግሬ እስከቻለ፣ ቀራንዮ እመጣለሁ። ታደለች ከሽማግሌዎቹ ጋር ከተስማማች ሱቁ የእሷ ነው፤ ካልፈለገችውም ያው የእሷ ነው።

አልረሳሽም ማለት ለማንም ቀላል ነው። የእኔ ቃል ግን ይህ ነው። አንድ ቀን የልጅ ልጆች ይኖሩናል፤ አያታችን በጣሊያን ጊዜ ምን ትሠራ ነበር ብለው ይጠይቁኛል። ስለ ላምባው፣ ስለ ጥፊው፣ ስለ አቡጀዲው ሁሉን እነግራቸዋለሁ። አንቺን ሳነሣ እኔ የት ተቀምጬ እንደነበርም አልዘልም።

ባለቤትሽ ተክሌ
ኮልፌ፣ ሰኔ